የፓፊን ቅጽል ስሞች

ፓፊን በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ደሴቶችና ጠረፎች የሚራባ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን የባሕር ወፍ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ሲሆን፣ በመራቢያው ወራት ምንቃሩ በግራጫ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ይደምቃል። ይህን መልኩን ያዩ ሁሉ በየቋንቋቸው ቅጽል ስም አውጥተውለታል። እንግሊዞች «የባሕር በቀቀን» ወይም «የባሕር አሳቂ»፣ ጀርመኖች «ጠላቂ በቀቀን» ይሉታል። ፈረንሳዮች በስሙ ላይ «መነኩሴ» የሚል ቃል ጨምረውበታል። አይስላንዳውያን ደግሞ መደበኛ ስሙ ሉንዲ ሆኖ ሳለ፣ ለቀልድ የካህናት አለቃ ይሉታል።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያሉት ስሞች አሳሳች ስለሆኑ ተትተው የሳይንስ ስም ብቻ ሊሠራበት ይገባል ይላሉ። በእርግጥ ፓፊን ከበቀቀን ጋር ዝምድና የለውም። ነገር ግን የሳይንሱም ስም ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። ፍራተርኩላ የሚለው የላቲን ስሙ ትርጉሙ «ትንሽ ወንድም» ሲሆን፣ የሚያመለክተው ያንኑ መነኩሴ ነው። ከዚህም በላይ «ፓፊን» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የሌላ የባሕር ወፍ ነበር፤ እንግሊዞች ለምግብ የሚያዘጋጁት የዚያ ወፍ የሰባ ጫጩት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ሁለቱም ወፎች በጉድጓድ ውስጥ ስለሚፈለፍሉ ሳይሆን አይቀርም፣ ስሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። ሳይንስ ግን ያንን የቀድሞውን ወፍ እስከ ዛሬ ፑፊኑስ ፑፊኑስ ይለዋል። ላቲኑን ሰምቶ ፓፊን የመሰለው ተማሪ ይፈረድበታልን?

በእኔ አስተያየት ቅጽል ስም የሚያሳስተው ነገሩን የማያውቀውን ሰው ነው። እኛ የሌሊት ወፍ ልጇን የምታጠባ እንስሳ እንጂ ወፍ አለመሆኗን እያወቅን በዚሁ ስም እንጠራታለን። ፓፊንን ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ግን «አሳቂ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍንበታል። ይህ ወፍ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ እስከ 60 ሜትር ጠልቆም ትናንሽ ዓሦችን በምንቃሩ ደርድሮ ለጫጩቱ ያመጣል። የመራቢያው ወራት ሲያልፍ የምንቃሩ ደማቅ ቅርፊት ይረግፋል፤ ወፉም ክረምቱን ከሰው ዓይን ርቆ በውቅያኖስ ላይ ያሳልፋል። ባሕሩ እየሞቀ ምግቡ የሆኑት ዓሦች በብዙ ስፍራ ስለተመናመኑ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ለመጥፋት ከተጋለጡ ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል። ይህ ወሬ «አሳቂ» ከሚባል ፍጥረት ጋር አብሮ ሲመጣ በቁም ነገር የሚያዳምጠው ጥቂት ነው።

አማርኛ ለዚህ ወፍ የራሱ ስም የለውም። ስለሆነም ተርጓሚው «የባሕር በቀቀን» ከማለት «ፓፊን» ብሎ ቢጽፍ ይሻላል፤ በቀቀን ሲባል አንባቢያችን የሚታየው በዛፍ ላይ ሰፍሮ የሰው ድምፅ የሚቀዳ ወፍ ነውና።