የካልዲ ፍየሎችና የግርጌ ማስታወሻችን

ስለ ቡና በሚጻፉ የተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች መግቢያ ላይ አንድ እረኛ አይጠፋም። ካልዲ ፍየሎቹን እያስጨፈረ ይመጣል፤ ዘመኑ 9ኛው መቶ ዓመት፥ አገሩ ከፋ ይባላል፤ ከዚያም ቅንፍ ይከፈትና አምና የተመረቀ የአንድ ጓደኛችን ስም ይገባበታል። ያም ጓደኛ ከሌላ ጓደኛ የቀዳ ነው። እኛም ብንሆን እጃችን ንጹሕ አይደለም፤ የሁለተኛ ዓመት ጽሑፋችንን የጀመርነው በእነዚሁ ፍየሎች ነበር።

በእውነቱ ወሬውን ወደ ኋላ ተከትሎ የሚሄድ ሰው የሚደርሰው ከፋ ሳይሆን ሮማ ነው። ማሮናዊው መምህር ፋውስቶስ ናይሮን በ1671 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በላቲን ባሳተመው ስለ ቡና በሚናገር መጽሐፍ የእረኛውን ነገር አንሥቶታል። ካልዲ የሚባል ስም ግን የለበትም፤ አገሩም የመን ነው፤ እንስሶቹም ግመሎች ወይም ፍየሎች ናቸው። እኛ ላቲን አናውቅም፤ ይህን ያገኘነው ዊልያም ዩከርስ በ1922 ካሳተመው ትልቅ የቡና መጽሐፍ ነው። እንዲህ ብሎ መጻፍ ምን ነውር አለበት? ነውሩ ያላዩትን መጽሐፍ እንዳነበቡ አድርጎ በዝርዝር ውስጥ መደርደሩ ነው።

ከጅማ ብዙም ሳይርቅ፥ በአጋሮ አጠገብ ባለችው በጮጬ፥ ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእኛ ቀበሌ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አባባሉ እውነት ነው ማለት ሌላ፤ ማን፥ የት፥ መቼ እንደ ተናገረው መመዝገብ ሌላ ነው። እኛ ግን የእነዚህን አባቶች ቃል በስማቸው ከመጻፍ ይልቅ ባለቤት የሌለውን ወሬ በቅንፍ እናስጌጣለን።

የቡና ተክሉ ራሱ ከእኛ ይሻላል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 በአገራችን ከታየ በኋላ፥ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች በየጫካው ተፈልገው ተመረጡ። በየገበሬው ማሳ የምናየው 74110 ከመቱ አካባቢ የተገኘ ነው፤ 74 የተመረጠበት ዓመት፥ 110 የእናት ዛፉ ቁጥር ነው። ችግኙ ከየት እንደ መጣ በስሙ ይናገራል።

አንዳንድ መምህሮቻችን ነጥብና ሰረዙን አጥብቀው ያርማሉ፤ መጽሐፉ ተገልጦ እንደ ሆነ ግን አይጠይቁም። ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር አንድ አሳብ እናቀርባለን። መመረቂያ ጽሑፍ በሚመረመርበት ቀን ፈታኙ ከምንጮቹ አንዱን እንደ ፈቀደ ይምረጥ፤ ተማሪውም መጽሐፉን ወይም የቃለ መጠይቁን ደብተር አምጥቶ ገጹን ያሳይ። ለመጀመሪያው ሙከራ የራሳችንን ጽሑፍ ለመስጠት ፈቃደኞች ነን፤ ፍየሎቹን ግን ከወዲሁ አውጥተናቸዋል።