ለመልስ እንደምንጮኽ ለእህታችንም እንጩኽ

የአዲስ አበባ ተሳፋሪዎች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ማለዳ መገናኛ ለተሰለፋችሁ፣ ከሥራ ወጥታችሁ ሜክሲኮ ላይ ለምትጋፉ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ባቡር ውስጥ ቆማችሁ ለምትሄዱ ሁሉ።

እኛ ሳንተዋወቅ የምንተማመን ሰዎች ነን። ከኋላ ወንበር የወጣ ሂሳብ በማናውቃቸው ሰዎች እጅ አልፎ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል። ረዳቱ ዝርዝር ሲያጣ የሁለት ሰው መልስ ለአንዱ ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይለናል፤ ወርደን እንካፈላለን። ልጅ የታቀፈች እናት አውቶቡስ ውስጥ ስትቆም፣ ከተቀመጡት አንዷ «ልጁን ስጪኝ» ትላለች። እናትየዋም ትሰጣለች።

ስንቆጣም አብረን ነው። ረዳቱ የአንዲት እናት መልስ ሲያስቀር ታክሲው በሙሉ «መልሷን ስጣት!» ይላል። ትርፍ ሲጭን እንጮኻለን። ታሪፍ ሲጨምር እንጮኻለን። መንገድ አቆራርጦ ሁለቴ ሊያስከፍለን ሲል እንጮኻለን።

ታዲያ በዚያው ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት «እጅህን ሰብስብ!» ስትል ለምን ዝም እንላለን? ለምን ስልካችን ላይ እናቀረቅራለን? የሳንቲም ጉዳይ ያስነሳን ሰዎች፣ የሰው ገላና ክብር ሲደፈር ለምን አፋችን ይያዛል?

ዝምታችንን ሁለት ሰዎች ይሰሙታል። አንዱ እጁን የሰደደው ነው፤ «ማንም አይናገረኝም» ብሎ ይበረታል። ሌላዋ እሷ ናት፤ «ማንም የለኝም» ብላ ትወርዳለች።

ወርዳስ? ሁለት ፌርማታ በእግሯ ትሄዳለች። በነጋታው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ ጥግ ፈልጋ ትቀመጣለች። የማታ ተማሪ ከሆነች የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ትወጣለች። እስከ ምሽት የሚያሠራ ሥራ ብታገኝ ትተወዋለች። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ የተዘረጋለት፣ ሰው ሁሉ ካሰበበት እንዲደርስ ነው። እህቶቻችን መሳፈር ከፈሩ ግን መንገዱ ለግማሻችን ተዘጋ ማለት ነው።

ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብር እንዲከበር ደንግጓል። ነገር ግን ሕጉ ታክሲ ውስጥ አብሮን አይሳፈርም። አብረናት የተሳፈርነው እኛ ነን!

ስለዚህ ተናገሩ። ብዙ ቃል አያስፈልግም። «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» በሏት። «ነይ፣ ቦታ እንቀያየር» በሏት። በእሷና በእሱ መካከል ግቡ። እሱን «ወንድሜ፣ ተው!» በሉት፤ ድምፃችሁ ሌሎቹ ዘንድ ይድረስ። አትሳደቡ፣ አትደባደቡ፤ ግን አትተዉት። አንዱ ሲናገር ሁለተኛው ይከተል፣ ሦስተኛው ይጨምር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እሷ ብቻዋን የተሸከመችውን እኛ ተካፍለን እንሸከምላት።

ሾፌሮች፣ መኪናው በእጃችሁ ነው። «ሾፌር፣ አቁም!» ስትባሉ ሰው ባለበት፣ ትራፊክ ፖሊስ ባለበት አቁሙ። ረዳቶች፣ ድምፃችሁ ከሁላችን ይልቃል፤ ለመጥራት የምታሰሙትን ድምፅ ለመከላከልም አሰሙት። የሚያስቸግረውን አስወርዱት እንጂ የተቸገረችውን «ካልተመቸሽ ውረጂ» አትበሏት። ተራ አስከባሪዎች፣ ሰልፉን እንደምትጠብቁ የተሰላፊዋንም ክብር ጠብቁ።

ወንዶች፣ ይህ በተለይ የእናንተ ሥራ ነው። ጓደኛችሁ ሴት ሲለክፍ አብራችሁ አትሳቁ። ሳቃችሁ ፈቃድ ይሆነዋል። እዚያው ፊቱ ላይ «ነውር ነው» በሉት።

እናቶችና አባቶች፣ አንድ ቃላችሁ አውቶቡስ ጸጥ ያሰኛል፤ በዚያ ቃል ተጠቀሙ። ልጆቻችሁንም ከቤት ሲወጡ «የሰው ልጅ ሲበደል ዝም እንዳትል፣ ዝም እንዳትዪ» ብላችሁ ሸኟቸው።

እህቶች፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ልብሳችሁም፣ ሰዓቱም፣ የተቀመጣችሁበት ወንበርም ጥፋተኛ አይደለም። ጩኹ፤ እንሰማለን። ሌላዋ ስትጮኽም እናንተ ቀድማችሁ ድረሱላት።

ነገሩ ከከፋ የታርጋውን ቁጥር ያዙ። ለፖሊስ ደውሉ። «ቸኩያለሁ» ብላችሁ አትሂዱ፤ ምስክር ሁኑላት። ብቻዋን ጣቢያ አትላኳት፤ ቢያንስ አንድ ሰው አብሯት ይሂድ። ወደ ቤት የምትሄድ ከሆነም ቀጣዩን ታክሲ እስክትይዝ አብራችኋት ቁሙ።

«ማን ይጀምር?» አትበሉ። ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ ነው ታክሲው ዝም የሚለው። የጀመረ ሰው ብቻውን አይቀርም፤ አጠገቡ ያለውም ልቡ ሲነድ ነበርና።

ዛሬ ማታ ትሳፈራላችሁ። ነገ ጠዋትም ትሳፈራላችሁ። ያን ጊዜ ካያችሁ ተነሱ፣ ከሰማችሁ ድረሱ፣ ከደረሳችሁ አትመለሱ። አንተ ጀምር። አንቺ ጀምሪ። እኛም እንከተላለን!