ያልተነገረ ብልሽት ዋጋው ስንት ነው?

ያገለገለ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ሁሉ የሚያውቀው አንድ እውነት አለ። ሞተሩ ዘይት የሚበላ መኪና ታጥቦና ተወልውሎ ሲቆም ከደህናው አይለይም። ጉዱን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ሲሆን፣ ገዥው የሚደርስበት ከወር በኋላ ዳገት ላይ ነው። ሻጩ በዝምታው ያገኛት ትርፍም ከገዥው ኪስ የወጣች እንጂ ከሰማይ የወረደች አይደለችም።

ይህ እውነት በአየር ላይም እንደሚሠራ የሚያሳየው፣ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት ብልሽት የገጠማቸው የሦስት በረራዎች ታሪክ ነው። ሦስቱም የተደረጉት በቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኖች ነበር። አንደኛው በሰላም አረፈ፤ ሁለቱ አላረፉም። ነገሩ ሲነሣ ብዙ ሰው “አብራሪዎቹ ምን አደረጉ?” ብሎ ይጠይቃል። ለነጋዴና ለባለ አክሲዮን ግን የሚበልጠው ጥያቄ “አብራሪዎቹ ምን ተነግሯቸው ነበር?” የሚለው ነው።

ሦስት በረራ፣ አንድ ብልሽት

ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ ከኢንዶኔዥያዋ ዴንፓሳር ወደ ጃካርታ የተነሣው የላየን ኤር አውሮፕላን ገና ከመሬት ሲላቀቅ የዋና አብራሪው መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህ “አውሮፕላኑ ሊወድቅ ነው” የሚል ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ የዚያን ዕለት ግን ሐሰት ነበር። አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚቀዝፍበትን አንግል የሚለካው የግራ ዳሳሽ የተለወጠው በዚያው ቀን ሲሆን፣ የተተካው ዳሳሽ ልኬት በ21 ዲግሪ ያህል የተዛባ ነበር። ዋና አብራሪው የፊቱን መሣሪያ ከመጠባበቂያው ጋር አስተያይቶ የተሳሳተው የራሱ መሆኑን ስለተረዳ መሪውን ለረዳቱ አስረከበ።

ይሁን እንጂ የአውሮፕላኑ አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች እየወረደ አስቸገረ። በዚያን ዕለት በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ በሥራ ላይ ያልነበረ ሦስተኛ አብራሪ ተቀምጦ ነበር። ሁለት እጆች በመሪ ተይዘው፣ ሁለት ዓይኖች በመሣሪያ ላይ ተተክለው ሳለ ሦስተኛ አስተዋይ ማግኘት ቀላል ዕድል አይደለም። በመጨረሻም የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ሞተር አቋርጠው፣ ክንፉን በእጅ በሚዞረው መዘውር እያስተካከሉ ጃካርታ ድረስ በረሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚያሳዝነው። ዋና አብራሪው በጥገና መዝገቡ ላይ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቹ እንዳልተጣጣሙ ጻፈ። መሪው እስከ መጨረሻው እንደተንቀጠቀጠና የጅራቱ ኤሌክትሪክ እንደተቋረጠ ግን አልጻፈም። ያንኑ አውሮፕላን በማግስቱ ማለዳ የተረከቡት አብራሪዎች መድኃኒቱን ቀርቶ በሽታውን በቅጡ አላወቁም። ዋና አብራሪው የሚወርደውን አፍንጫ ከ20 ጊዜ በላይ ወደ ላይ መልሶት ነበር። መሪውን ለረዳቱ ካስረከበ በኋላ አውሮፕላኑ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወደቀ። 189 ሰዎች አለቁ።

ሦስተኛው በረራ የእኛው ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። የግራው ዳሳሽ 74 ዲግሪ ተኩል ሲያነብ የቀኙ 15 ያህል ነበር ያነበበው። አብራሪዎቹ ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ በተላከው መመሪያ መሠረት ኤሌክትሪኩን አቋርጠዋል። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት የአየሩ ግፊት የጅራቱን ክንፍ ስለተጫነው መዘውሩ በእጅ አልዞር አለ። ወደ መጨረሻው ላይ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ አፍንጫውን ለማቅናት ተሞከረ፤ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ያ ስውር ሥርዓት እንደገና ወደ ታች ገፋው።

ዝምታው እንዴት ተሸጠ?

ስውር ሥርዓት የተባለው ኤምካስ የሚባለው ነው። የአዲሱ አውሮፕላን ሞተሮች ተለቅ ብለው ወደ ፊት ስለወጡ አፍንጫው በአንዳንድ ሁኔታ ወደ ላይ ይከነዳል። ይህን እንዲያርም የተሠራ የኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ዳሳሾች ቢኖሩትም ኤምካስ በአንድ በረራ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ሁለት ምስክር ቆሞለት የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ማለት ነው። ስሙም ሥራውም ለአብራሪዎች በተሰጠው መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጸም ነበር።

ለምን? መልሱ ከገበያው ይገኛል። ቦይንግ ማክስን ሲሸጥ ካቀረባቸው ማባበያዎች አንዱ የቀድሞውን 737 የሚያበር ሰው በምስለ በረራ መሣሪያ ላይ እንደገና መሠልጠን አያስፈልገውም የሚለው ነበር። አብራሪ ሲሠለጥን አያበርም፤ መሣሪያውም ውድ ነው። በመሆኑም ቃሉ ለአየር መንገዶች እውነተኛ ገንዘብ ነበር። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ከአሜሪካው ሳውዝዌስት ጋር በተደረገው ውል፣ ምስለ በረራ ሥልጠና ካስፈለገ ቦይንግ በአንድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ተስማምቶ ነበር። እንዲህ ያለ ውል በጠረጴዛው ላይ ሲኖር ስለ አዲስ ሥርዓት ብዙ መናገር ለሻጩ ኪሳራ ይሆናል።

ሌላም አለ። ሁለቱ ዳሳሾች ሲለያዩ የሚበራው ማስጠንቀቂያ በሁሉም ማክሶች ላይ ይሠራል ተብሎ የታሰበ ነበር። በተግባር ግን የሚሠራው ተጨማሪ የአንግል ማሳያ በገዙት ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ይህን ያወቀው ርክክቡ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ መሆኑን ኋላ ራሱ ገልጿል። ለገዥዎቹ ግን እስከ መጀመሪያው አደጋ ድረስ አልተነገራቸውም።

የሒሳቡ መዝጊያ

ገበያው መረጃ ከሌለው እንደማንኛውም ገዥ ይሞኛል። ከመጀመሪያው አደጋ አራት ወር በኋላ፣ በየካቲት 2011 ዓ.ም.፣ የቦይንግ አክሲዮን በ440 ዶላር ከ62 ሳንቲም ተዘግቶ እስከዚያ ጊዜ ታይቶ በማይታወቅ ዋጋ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ወቅት የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ባለሙያዎች ሥርዓቱ ካልታረመ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ 15 ያህል ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ አስልተው ነበር። ስሌቱ ይፋ የወጣው ግን ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ነው። ከቢሾፍቱው አደጋ በፊት በነበረው ዓርብ 422 ዶላር ከ54 ሳንቲም የነበረው አክሲዮን ማክሰኞ 375 ዶላር ከ41 ሳንቲም ላይ ተዘጋ።

ማክስ በአሜሪካ ለ20 ወራት ያህል ከበረራ ታገደ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ የመለሰው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. የ2019 የሒሳብ ዓመትን በ636 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ሲዘጋ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያን ጊዜ የእገዳውን ጠቅላላ ወጪ ራሱ ከ18 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር በተደረገው ስምምነትም ለቅጣት፣ ለአየር መንገዶችና ለሟች ቤተሰቦች ከ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነ። በአንድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ለማዳን የተጀመረው ሒሳብ የደረሰው እዚህ ነው። 346ቱ ሰዎች ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይወራረዱም።

የሚነሣ ክርክር

በአንጻሩ የአብራሪዎቹን ድርሻ የሚያነሡ አሉ። የአሜሪካና የፈረንሳይ የአደጋ መርማሪ ተቋማት የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአብራሪዎቹ አያያዝ በበቂ አልተመረመረም ብለዋል። የሞተሮቹ ኃይል ከመነሻው አለመቀነሱና ፍጥነቱ እጅግ መጨመሩ እውነት ነው። ይህ ተሸፋፍኖ መታለፍ የለበትም፤ አብራሪ የሚሠለጥነው ከእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ለመማር ነውና።

ይሁን እንጂ አንዱ ወገን ለማሰብ ዓመታት ነበሩት፤ ሌላው ስድስት ደቂቃ ብቻ። መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ መለኪያዎቹ እየተጣሉ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ በመጽሐፉ ያልተገለጸ ሥርዓት አፍንጫውን እየገፋ ሳለ እንከን የለሽ ውሳኔ መጠበቅ፣ ወጪን ከሁሉ በኋላ ወደ መጣውና ምንም ወዳልተነገረው ሰው ማሻገር ነው። ቦይንግ ራሱ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. አብራሪዎች በምስለ በረራ እንዲሠለጥኑ መምከሩ ሥልጠናው ከጅምሩም አስፈላጊ እንደነበር መመስከር ይሆናል።

ለአገር ቤት ነጋዴ የሚተርፈው ትምህርት ሩቅ አይደለም። ጀነሬተርም ሆነ የዱቄት ፋብሪካ መሣሪያ የሚያስመጣ ሰው “ሠራተኛህን ማሠልጠን አያስፈልግህም” ሲባል ደስ ከመሰኘት ይልቅ ምን እንዳልተነገረው ይጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ሕጉ ግን የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ አክሲዮን የሚገዛውም ሰው ከትርፉ አኃዝ አስቀድሞ ኩባንያው ጉድለቱን እንዴት እንደሚገልጽ ይመልከት። ድርጅት የሚመራም ሰው የዴንፓሳሩን መዝገብ አይርሳ። ችግሩን በጀግንነት የተወጣ ሠራተኛ የተወጣበትን መንገድ ካልጻፈ፣ ጀግንነቱ ለተረኛው አይተርፍም።

አበው “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። በገበያ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚሸሽገው አንዱ፣ የሚሞተው ሌላው ነው።