በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለችው አሳማ



በጀርመን ዊተንበርግ ከተማ፣ ማርቲን ሉተር ይሰብክበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳ ላይ አንድ የድንጋይ ቅርጽ አለ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የቆየ ነው። አሳማ ቆማለች፤ ሾጣጣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች እንደ ግልገል ጡቷን ይጠባሉ፤ ረቢ ነው የሚባለው ደግሞ ከኋላዋ ገልጦ ይመለከታል። ባርኔጣው የአይሁድ መለያ ነው።

አሳማ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። በሙሳ (ዐ.ሰ) ሕግ እርም መሆኗን ያሠሩት ሰዎች ያውቃሉ። ስድቡ ሰውየው አብዝቶ በሚጠነቀቅበት ነገር ላይ ነው የመጣው። በእኛም ዘንድ ሐራም ናትና እንዴት እንደሚያቆስል ለመረዳት አስተርጓሚ አንፈልግም። ተመሳሳዩ በሬገንስበርግና በኮሎኝ ካቴድራሎችም አለ።

«የነሱ ታሪክ ነው፣ ምን አገባን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ እኮ ከክርስቲያኑ በልብስ እንዲለዩ ያዘዘው አይሁድን ብቻ አይደለም፤ «ሳራሴን» ይላቸው የነበሩትን ሙስሊሞችንም ጭምር ነው።

ያኔ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ብዙ የሚማረው ከስብከትና ከግድግዳ ነበር። በ1349 ወረርሽኙ ስትራስቡርግ ገና ሳይደርስ «አይሁድ የውኃ ጉድጓድ መረዙ» ተብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእሳት ተቃጠሉ። ቅርጹ ብቻውን ገደለ አንልም። ግን ልጅ ሆኖ ጎረቤቱን በአሳማ ሥር እያየ ያደገ ሰው ክሱን ለማመን ምን ያህል ማስረጃ ይጠይቃል? ሉተርም በ1543 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ቅርጽ እያነሳ ተሳልቆባቸዋል።

በ1988 ከቅርጹ ሥር መሬት ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተነጠፈ። አንድ አይሁዳዊ «ይነሳልን» ብሎ ቢከስም የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በ2022 ሰሌዳውና ማብራሪያው ስድቡን ወደ መታሰቢያ ለውጠውታል ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። እኛ አንስማማም። ሙዚየም ይግባ፤ እዚያም ታሪኩ ይነገራል። ሰው ወደ ጸሎት ሲገባ ከራሱ በላይ ሊሰቀል አይገባም።

ይህን ስንል ግን እጃችን ንጹሕ አይደለም። ለፍልስጤም ተቆርቁረን አይሁድን በአሳማ መልክ የሚያሳዩ ሥዕሎችን በቴሌግራም ስንቀባበል ከርመናል። ባለፈው ረመዳን አንድ ደረሳችን እንዲህ ያለውን ላከልን። የዊተንበርጉን ፎቶ መልሰን ላክንለት። «ይህን ማን ሠራው?» አለ። ነገርነው። ትንሽ ቆይቶ የላከውን አጠፋው።