አሸዋው አልጋ አይደለም

የመኝታ ተጎታች ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ክርክራችሁ ሁሉ ስለ ጎማና ስለ ከፍታ ነው። ማታ የት ታቆሟታላችሁ? ሻጩ አይጠይቃችሁም፤ እኔ ልጠይቃችሁ።

በበጋ ደቻቱን ያየ ሰው፣ ሜዳው ደልዳላ አሸዋው ለስላሳ ነውና «እዚሁ ልደር» ቢል አይፈረድበትም። ሐምሌ 1998 ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በዚሁ አሸዋ ወርዶ፣ ሌሊት ድሬዳዋ ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር።

60 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ቀላል ተጎታችማ ምን ያቆመዋል?

ስለዚህ ከመኪናው ሳትፈታ የሚታደርባትን ምረጡ። አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙሩ፤ ከወንዙ ርቃችሁ ከፍታ ላይ እደሩ። ጎርፍ የጎማ ቁጥር አያነብም።