ኤታር መቶኛ አይደለም፦ የውጤት ቀን ቅሬታ በዐሥረኛ ክፍል ሊፈታ ይገባል

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ የሆነው የቪ.ሲ.ኢ. ውጤት በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ይገለጻል። ተማሪው በዚያ ዕለት የሚያየው የተለያየ ትርጉም ያላቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ለየትምህርቱ የተሰጠው ጥሬ ነጥብ፣ ስኬሊንግ በሚባለው ስሌት የተስተካከለው ነጥብ፣ በመጨረሻም ኤታር የተባለው አጠቃላይ ደረጃ። በፉትስክሬይና በአካባቢው የሜልቦርን ሰፈሮች በሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ እነዚህ ቁጥሮች እንደ አንድ ሲነበቡ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «የልጃችንን ነጥብ ማን ቀነሰው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ያን ያህል አጥንቶ 68 ብቻ?» የሚል ነው።

ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው። ችግሩ መልሱ የሚሰጠው ምንም ሊለወጥ በማይችልበት ቀን መሆኑ ነው። ልጁ የሚማረውን የትምህርት ዓይነት የመረጠው ዐሥረኛ ክፍል ሳለ ነው፤ ማብራሪያው ግን የሚፈለገው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ውጤት ከወጣ ወዲያ ነው። ስለዚህ ሊታረም የሚገባው በቅድሚያ ስሌቱ ሳይሆን ስለ ስሌቱ የሚነገርበት ጊዜና ቋንቋ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ጥሬ ነጥቡ ከ0 እስከ 50 ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ከ50 የተያዘ የፈተና ውጤት አይደለም። የግዛቱ የሥርዓተ ትምህርትና የምዘና ባለሥልጣን ነጥቡን የሚያወጣው የአንድ ትምህርት አማካይ 30 እንዲሆን አድርጎ ነው። ከተማሪዎቹ ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ከ23 እስከ 37 ባለው ክልል ውስጥ ይውላሉ። 40 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ተማሪ ከ100 ተፈታኞች መካከል ከፊተኞቹ 9 ገደማ ተርታ ተሰልፏል። እንግዲህ 30 ያመጣ ልጅ «60 በመቶ አገኘ» አይባልም፤ በዚያ ትምህርት መካከለኛውን ቦታ ያዘ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን የሚያስተናግደው ቪታክ የተባለው ማዕከል ስኬሊንጉን ይሠራል። መነሻ ሐሳቡ ለሩጫ ወዳድ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በሰፈር ሩጫ ዐሥረኛ መውጣትና በአገር አቀፍ ሻምፒዮና ዐሥረኛ መውጣት እኩል አይደሉም፤ ተራ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ተወዳዳሪዎቹ ይለያያሉ። ቪታክም አንድን ትምህርት የወሰዱ ተማሪዎች በሌሎቹ ትምህርቶቻቸው ምን ያህል እንደበረቱ ያያል። ፉክክሩ ጠንካራ ከነበረ ነጥቡ ከፍ ይላል፤ ቀለል ያለ ከነበረ ዝቅ ይላል። ከዚህ የተነሣ በቅርብ ዓመታት ስፔሻሊስት ማቲማቲክስ ላይ 30 የነበረ ጥሬ ነጥብ ወደ 40 ገደማ ሲወጣ፣ ጀነራል ማቲማቲክስ ላይ 30 የነበረው ደግሞ ወደ 28 ገደማ ወርዷል። ስሌቱ በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚሠራ አሃዙ ይለዋወጣል። በዚህ ስሌት ውስጥ የተማሪው ትምህርት ቤት ስም፣ የትውልድ አገሩም ሆነ የሚኖርበት ሰፈር ቦታ የላቸውም።

የተስተካከሉት ነጥቦች ከዚያ ይደመራሉ። እንግሊዝኛና ሌሎች ከፍተኛ ነጥብ የተገኘባቸው ሦስት ትምህርቶች ሙሉ በሙሉ ይቆጠራሉ፤ ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ደግሞ የእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይጨመራል። ኤታር የሚወጣው ከዚህ ድምር ነው። ኤታር 80 ማለት ተማሪው ከእኩዮቹ 80 በመቶ ከሚሆኑት እኩል ወይም የተሻለ ቦታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እኩዮች ሲባል ደግሞ 12ኛ ክፍል ሳይደርሱ ትምህርት ያቋረጡትም ይታሰባሉ። በዚህ ምክንያት ኤታር ካገኙት ተማሪዎች መካከለኛው የሚገኘው 50 ላይ ሳይሆን 70 አካባቢ ነው። 68 ያገኘ ልጅ እንግዲህ 32 ከመቶ አልሳተም፤ 12ኛ ክፍልን ከጨረሱት መካከል ወደ መሐል ተጠግቷል።

ወላጅ ለምን እንደዚያ ያነባል?

ይህን የተሳሳተ ንባብ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አድርጎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በኢትዮጵያ በማትሪክ ዘመን የተፈተነ ወላጅ ውጤቱን የሚያውቀው በፊደልና ከ4 በሚታሰብ አማካይ ነጥብ ነበር። የቅርቡ ዜናም በመቶኛ የተሞላ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማለፊያው መስመር 50 በመቶ ሲሆን፣ ያንን መስመር የተሻገሩት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ዜና ከሜልቦርን ሆኖ በጭንቀት የተከታተለ ወላጅ 50ን የማለፍና የመውደቅ ድንበር አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም።

በቪክቶሪያ ግን በኤታር «መውደቅ» የሚባል ነገር የለም። የቪ.ሲ.ኢ. የምስክር ወረቀት የሚገኘው የሚፈለጉትን የትምህርት ክፍሎች በአጥጋቢ ሁኔታ በማጠናቀቅ እንጂ በደረጃ አይደለም። ኤታሩ 49 የሆነ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በክብር ጨርሷል። ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ግን ደስታ ሊሆን የሚገባው ቀን የሐዘን ቤት ይመስላል፤ ልጁም ያልሠራው ጥፋት ተሸካሚ ይሆናል።

ወሬ የሚያስከፍለው ዋጋ

መረጃ በጠፋበት ቦታ ወሬ ይነግሣል፤ የወሬው ዋጋ ደግሞ በልጆች ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው ዋጋ የሚታየው በትምህርት ምርጫ ነው። «ስፔሻሊስት ማቲማቲክስ ነጥብ ይጨምራል» የሚለው ወሬ እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። ጭማሪው ደካማ ውጤትን አይታደግም፤ በዚህ ትምህርት 20 ያመጣ ተማሪ ነጥቡ ከተስተካከለም በኋላ በአብዛኛው ከ30 አይሻገርም። በአንጻሩ ጀነራል ማቲማቲክስን ወዶ ተምሮ 36 ያመጣ ልጅ ጥቂት ነጥብ ቢቀነስበትም ከእርሱ ይልቃል። በዚያ ላይ ከባዱ ትምህርት ለሌሎቹ ሊውል የሚገባውን የጥናት ጊዜ ይበላል። ተማሪው ምሕንድስናን ወይም ፊዚክስን ከፈለገ ከባዱን ሒሳብ መምረጡ ተገቢ ነው፤ ለስኬሊንግ ተብሎ መምረጥ ግን የሰውን ጫማ አድርጎ ዳገት መውጣት ነው።

ሁለተኛው ዋጋ እንግሊዝኛን ይመለከታል። እንግሊዝኛ «ነጥብ አይጨምርም» ተብሎ ሲናቅ፣ ከድምሩ ሊወጣ የማይችል ብቸኛ ትምህርት መሆኑ ይዘነጋል። በቅርብ ዓመታት የመጡ ተማሪዎች መስፈርቱን ካሟሉ እንግሊዝኛን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ መማር ይችላሉ፤ ይህም ለኤታር እኩል ያገለግላል። ብቁ የሆነ ተማሪ ይህን መንገድ ዝቅተኛ መስሎት ቢተወው በገዛ እጁ በሩን ይዘጋል።

ሦስተኛው ዋጋ ሁሉንም ይበልጣል። ልዩ የመግቢያ ድጋፍ የሚሰጠው፣ በምህጻር ኤስ.ኢ.ኤ.ኤስ. የሚባለው መርሐ ግብር፣ እንግሊዝኛ የቤት ቋንቋቸው ላልሆነ፣ የገቢ እጥረት ላለባቸው፣ ሕመም ወይም የቤተሰብ ችግር ለገጠማቸው ተማሪዎች ተቋማት ተጨማሪ ነጥብ እንዲያስቡላቸው ያስችላል። ኤታሩን አይለውጥም፤ ዩኒቨርሲቲው ለምርጫ የሚጠቀምበትን ደረጃ ግን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ማመልከቻው የሚዘጋው ውጤት ከመውጣቱ በፊት ነው። በውጤት ቀን በስኬሊንግ የተቆጣ ቤተሰብ ሊረዳው ይችል የነበረውን ማመልከቻ ሳይሞላ ቀርቶ ከሆነ፣ ቁጣው የዋለው በተሳሳተ ቦታ ነው። ውጤቱ ከወጣ በኋላ የትምህርት ክፍል ምርጫን ለመቀየር የሚሰጡት ጥቂት ቀናትም በድንጋጤ ካለፉ እንደዚያው ይባክናሉ።

ተቺዎች የሚያነሡት

የስኬሊንግ ተቺዎች የሚሉት መሠረተ ቢስ አይደለም። በስታቲስቲክስ የተስተካከለ ነጥብ ፍትሕን ሊያጓድል እንደሚችል ዓለም በ2020 እ.ኤ.አ. አይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፈተና በተሰረዘበት በእንግሊዝ፣ መምህራን ከሰጡት የኤ-ሌቭል ውጤት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው በስሌት ዝቅ ተደረገ። የትምህርት ቤቱ ያለፉት ዓመታት ውጤት በተማሪው ላይ ስለተጫነ፣ በደካማ ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅ ተጎዳ። ውጤቱ ነሐሴ 7 ቀን ወጥቶ በአራት ቀን ውስጥ ተሻረ፤ መምህራን የሰጡት ውጤትም ተመለሰ።

የቪክቶሪያው ስሌት ከዚህ ይለያል፤ ተማሪው በራሱ እጅ ከጻፈው ፈተና ይነሣል እንጂ ከትምህርት ቤቱ ታሪክ አይነሣም። ሆኖም ትምህርት ቤት ፈጽሞ አይነካካውም ማለትም ትክክል አይደለም። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ምዘና የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በጋራው ፈተና ካመጡት ውጤት ጋር ይመሳከራል፤ የተማሪዎቹ ቅደም ተከተል ሳይለወጥ ነጥባቸው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ሞደሬሽን የሚባለው ይህ ነው፤ ከስኬሊንግም የተለየ ነው። መምህሩ 85 የሰጠው ልጅ ነጥቡ ቢቀንስ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ይህን ደብቆ ሥርዓቱን ማወደስ እምነት አያተርፍም። ይልቅስ በግልጽ ሲነገር ጠቃሚ ምክር ይወጣዋል፦ የክፍል ጓደኛ በፈተናው ሲበረታ ክፍሉን በሙሉ ይጠቅማልና፣ ተማሪዎች ማስታወሻ ከሚደባበቁ አብረው ቢያጠኑ ይሻላቸዋል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ የትምህርት ቤቶች ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ባሉባቸው ትምህርት ቤቶች የዐሥረኛ ክፍል የትምህርት ምርጫ ስብሰባ በአስተርጓሚ ሊካሄድ ይገባል፤ አስተርጓሚውም ከልጆቹ መካከል የተጠራ መሆን የለበትም። ስለ ራሱ ዕጣ ለወላጁ የሚያስተረጉም ልጅ ከሁለት አንዱን ማድረጉ አይቀርም፤ ወይ ያለዝባል ወይ ይዘላል።

ሁለተኛው የቪታክና የባለሥልጣኑ ነው። በውጤት መግለጫው ላይ «ይህ ደረጃ ነው፤ መቶኛ አይደለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በማኅበረሰቦች ቋንቋ ቢታተም ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ሦስተኛው የልዩ ድጋፉን ማመልከቻ ይመለከታል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለመርሐ ግብሩ ብቁ ሊሆን የሚችልን ተማሪ በስሙ ጠርቶ እንዲጠይቅና መጠየቁን እንዲመዘግብ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። በድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ማሳወቅ አይደለም።

አራተኛው የማኅበረሰቡ የራሱ ነው። የኮሚኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ሰውን ሰብስቦ የማስረዳት ልምድ አላቸው። የትምህርት ምርጫ ከመድረሱ በፊት፣ በአውስትራሊያ ክረምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ጉዳይ ቢመድቡና ቪ.ሲ.ኢ.ን በቅርቡ የጨረሱ ወጣቶችን ቢጋብዙ፣ ወላጅ ከወሬ ይልቅ በመንገዱ ያለፈውን ሰው ይሰማል።

ስኬሊንግ ተብራርቶም ቢሆን የሚያዝን ልጅ አይጠፋም፤ ውድድር ባለበት ሁሉ ሐዘን አለ። ነገር ግን ባሰበው ቦታ ባለመድረሱ ማዘንና ያልተረዳው ቁጥር «ተበድለሃል» ወይም «ወድቀሃል» ስላለው ማዘን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን ጊዜ ይፈውሰዋል። ሁለተኛውን ግን በዐሥረኛ ክፍል፣ በአማርኛ፣ በሰዓቱ በሚሰጥ ማብራሪያ ከመነሻው ማስቀረት ይቻላል።