ከእርሻ ስለሚወጣ ሰው

የገበሬ ልጅ ሞፈሩን ትቶ ወደ ከተማ ሲሄድ ያዩ ብዙ ሰዎች፥ ይህ ልጅ ሰነፍ ነው፥ ድካምን ጠላ ብለው ይፈርዱበታል። ነገር ግን ይህ ፍርድ ቅን አይደለም።

ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። አራት ጥማድ ያለው አባት አራት ልጆች ቢኖሩት፥ ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ ይደርሰዋል። ያም ልጅ በተራው አራት ልጆች ወልዶ ቢያካፍላቸው፥ ለአንዱ የሚደርሰው የጥማድ ሩብ ነው። ከዚያ የሚታፈሰው ጤፍ ቤተሰቡን እስከ መንፈቅ እንኳ አያደርሰውም። የኢትዮጵያ ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. በተቈጠረ ጊዜ 40 ሚሊዮን ያህል ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ግን ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሰው ይበዛል፥ ምድር ግን አትበዛም። ስለዚህ ከወንድማማቾች አንዱ ቢወጣ፥ ለቀሩት ማሳውን ተወላቸው እንጂ አልበደላቸውም።

ይሁን እንጂ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ብዙ መከራ ያገኘዋል። ፊደል ያልቈጠረ ጐልማሳ አዲስ አበባ ደርሶ የሥራ ውል ቢሰጡት፥ አንብቦ ሊረዳው አይችልም፤ ደመወዙ ቢጐድልም አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸክሞ ይውላል፤ ያገኘውንም ለቤት ኪራይና ለራት ከፍሎ፥ ለእናቱ የሚልከው ሳይተርፈው ይቀራል።

በደቡብ ኮርያ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963፥ ከመቶ ሠራተኞች ከ60 የሚበልጡት ገበሬዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን 5 ያህል ብቻ ናቸው። የዚያ አገር ሰዎች ልጆቻቸውን አስቀድመው ትምህርት ቤት አስገብተዋቸው ነበርና፥ ከእርሻ የወጡት የፋብሪካውን ሥራ ለመማር ብዙ አልተቸገሩም። በባላገር የቀሩትም ሩዝ መዝራትን አልተዉም።

እንግዲህ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ከብት ጠብቅ የሚል አባት፥ ልጁን ለእርሻ ያቈየው ይመስለዋል። ነገር ግን መሬቱ ባነሰ ጊዜ ልጁ መውጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜም ያለ ስንቅ ይወጣል። ለመንገደኛ ልጇ በሶ ሳትቋጥር የምትሸኝ እናት የለችም፤ ማንበብና የእጅ ሥራ ደግሞ ከበሶ ይልቅ ረጅም መንገድ የሚያደርሱ ስንቆች ናቸው።

ከተማ የገባውም ሰው በእርሻ የቀረውን ወንድሙን አይናቅ፤ በየማለዳው የሚቈርሰው እንጀራ ከዚያ ማሳ የመጣ ነውና። የሚሄደውም የሚቀረውም ሥራውን አውቆ ከሠራ፥ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው።